ከፈተናው በፊት ጠመኔውን



ለእናንተ፣ ለመምህርነት ዕጩዎችና በሥራ ላይ ላላችሁ መምህራን፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም እንድናገር የተጠየቅሁት «ለመምህርነት ቅጥርና ለሙያ ፈቃድ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?» በሚል ርዕስ ነው። ብዙዎቻችሁ ደብተርና እስክርቢቶ አውጥታችሁ አያለሁ። የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ምዕራፍ እንደምታነቡ እንድነግራችሁ ትጠብቃላችሁ። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ ከቆምሁ በኋላ የጸናሁበትን እምነት ልንገራችሁ፦ ለመምህርነት ፈተና ንባብ ብቻውን አያደርስም። ያነበቡትን ለሰው አፍ አውጥቶ ማስረዳት ነው የሚያደርሰው።

እናንተ ያላችሁበትን አውቃለሁ። ግማሾቻችሁ እዚሁ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጃችን የወጣችሁ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ተመርቃችሁ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የመጣውን የመውጫ ፈተና አልፋችሁ የቅጥር ማስታወቂያ የምትጠብቁ ናችሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ተፈትናችሁ፣ ኮሌጅ ስትገቡ ተፈትናችሁ፣ ስትወጡ ተፈትናችሁ፣ አሁን ደግሞ ለመቀጠር ልትፈተኑ ነው። ከተቀጠራችሁም በኋላ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ፤ የጽሑፍ ፈተናው ከነማኅደረ ተግባሩ። «ስንቴ ነው የምንፈተነው?» ብሎ የሚያማርር አለ። እኔ አልፈርድበትም። ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ለጥቂት ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ ከገጠር ለምዝገባ የመጣ ልጅ ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ የሚያወጣው ብር ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁና።

የራሴን ልንገራችሁ። ለቅጥር የተፈተንሁ ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቡሬ ላይ ሦስት ጓደኛሞች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የክፍሉ ዋጋ ረከስ ያለው ከጎኑ በርበሬ ስለሚከማችበት ነው፤ ሌሊት እያነበብን እናስነጥስ ነበር። የሥነ ትምህርቱን ሃንድአውት ከዳር እስከ ዳር ሸመደድሁት። የትምህርት ሊቃውንቱን ብሉምን፣ ፒያዤን፣ ቪጎትስኪን እንደ ውዳሴ ማርያም ደገምኋቸው። የፈተናው ቀን ደረሰ፤ ሠራሁ። ውጤት ሲለጠፍ ስሜ ከላይኞቹ ተርታ ነበር። ከቡሬ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደብሁ።

ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ፣ መቀመጫው ግንድ፣ ጥቁር ሰሌዳው በአለቀ ባትሪ ድንጋይ ዱቄት የጠቆረ ነበር። አምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ መደመር አስተምራለሁ። ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና ማን ይሠራዋል አልሁ። አንዲት ልጅ፣ እጇ ገና የሊጥ ምልክት ያለበት፣ ወጣችና ከላይ 1 እና 1 ደምራ 2፣ ከታች 2 እና 3 ደምራ 5፣ «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጻፈች።

«ተሳስተሻል» አልኋት።

«ምኑ ላይ ጋሼ? ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመርሁ» አለችኝ።

እኔም የሸመደድሁትን አወረድሁት፦ የታህቶቹን ትንሹን የጋራ ብዜት ትፈልጊያለሽ፣ እሱን ለየታህቱ አካፍለሽ በደረሰሽ ላዕሎቹን ታባዣለሽ፣ ከዚያ ትደምሪያለሽ። «እሺ ጋሼ» ብላ ተቀመጠች። እንዳልገባት ዐይኗ ይናገር ነበር። የእኔም ዐይን ሳይናገር አልቀረም፤ ምክንያቱም ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ እኔም አላውቅም ነበር። ይህ ዓይነት ጥያቄ በፈተናዬ ላይ ነበር። መልሱን አጥቁሬ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ፣ የተጠለልሁበት ቤት አባወራ ከጎረቤታቸው ጋር ስለ መሬት ሲነጋገሩ ሰማሁ። «የእኩል ልስጥህ ወይስ የሲሶ?» ይሉታል። ደነገጥሁ። እኩልና ሲሶ! ግማሽና አንድ ሦስተኛ! እነዚህ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር አውድማ ላይ ሲያድሩ የኖሩ፣ እኩሌታ ስንት ቁና እንደሚወጣው፣ ሲሶ ስንት እንደሆነ ከእኔ በፊት የሚያውቁ ናቸው። እኔ ግን «ላዕል» እና «ታህት» እያልሁ የሚያውቁትን ነገር የማያውቁት አድርጌባቸዋለሁ።

በማግሥቱ ጠየቅኋቸው። «ከአንድ አውድማ እህል አንዱ እኩሌታውን፣ ሌላው ሲሶውን ቢወስዱ፣ የሁለቱ ድርሻ አንድ ላይ ከእኩሌታው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ይበልጣል!» አለ። «እንግዲያው እህሉን አምስት ቁና አድርጉትና ሁለቱን ስጡኝ፤ ከእኩሌታው ይበልጣል?» ዝም አሉ። ከዚያ ያቺው ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያንሳል ጋሼ» አለች። በእኩሌታ ላይ ጨምራ ከእኩሌታ ያነሰ እንዳገኘች ያን ጊዜ ራሷ አየችው። «ስድስት ቁና ቢሆንስ?» አልሁ። «እኩሌታው ሦስት፣ ሲሶው ሁለት፣ አምስት ቁና ከስድስት» አለች፤ ማንም ሳይነግራት። ትንሹ የጋራ ብዜት የሚባለው ነገር ሁለቱንም ድርሻ ሳይሸራርፉ የሚሰፍሩበት ቁና መሆኑ ለእኔም የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ስም አውጥተውለታል። ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነው፣ የማስተማር ዘዴን ማወቅ ሌላ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን የመምህር ብቻ የሆነ ሦስተኛ ዕውቀት አለ አሉ። ያ ዕውቀት ይህ ትምህርት ለልጅ በምን መንገድ ይገባዋል፣ የትስ ላይ ይሰናከልበታል የሚለው ነው። ሐኪም የሌለው፣ መሐንዲስም የማያስፈልገው፣ የእናንተ ብቻ የሆነ ዕውቀት ማለት ነው።

ይህን ስል ከውጭ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጎጃም ምድር መምህርን በዚህ መንገድ ሲያበቃ የኖረ ምድር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ያመጡት በዛብህ ማን ነው? የዚህችው የማንኩሳ ልጅ፣ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ ቤት አስቡ። ተማሪው ማታ የየኔታን ነገራ ያዳምጣል። ቀን ከዱሩ ጥግ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ይመለስና የቆጠረውን በየኔታ ፊት፣ በጓደኞቹ ፊት ይናገራል፤ ይታረማል፤ እንደገና ይሄዳል። ከባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው በየቀኑ እየተፈተነ ነው። በሰል ሲል ደግሞ ለታናናሾቹ አስነጋሪ ይሆናል፤ ሳይመረቅ ያስተምራል። በመጨረሻ ያስመሰክራል። ወንበር ዘርግቶ እንዲያስተምር የሚፈቀድለት ካስመሰከረ በኋላ ነው። «አስመሰከረ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ምስክር ሆነው የቆሙት የሰሙት ሰዎች ናቸው።

ይህን አካሄድ ሳይንሱም ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለያይተው አንድ ጽሑፍ ሰጧቸው። አንደኛው ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ሦስት ጊዜ፣ ጽሑፉን ሳያይ፣ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አራት ጊዜ ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አራት ጊዜ ያነበቡት 40 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሞ አንብቦ «ገብቶኛል» ብሎ የሚተኛ ሰው የሚታለለው በዚያች አምስት ደቂቃ ነው። የእናንተ ፈተና ከሳምንትም ከወርም በኋላ ነው፤ ተማሪያችሁ የሚጠይቃችሁ ደግሞ ከዓመት በኋላ ነው።

የልጅን ስህተት ማወቅን በፈተና የሚለካ አገርም አለና፣ እስቲ ወደ ሕንድ ልውሰዳችሁ። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ዛሬ በዚያች አገር መምህር ለመሆን ያለው ፉክክር የእኛን ያስንቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቢሃር የተባለው ግዛት ከ170 ሺህ በላይ መምህራን ልቅጠር ሲል ለፈተናው የተመዘገበው 8 መቶ ሺህ ገደማ ሰው ነበር። የትምህርት መብት ሕጋቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣ በኋላ፣ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለማስተማር የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የብቃት ፈተና እንዲያልፍ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠው ማዕከላዊው ፈተና 150 ጥያቄ በ150 ደቂቃ ነው፤ ማለፊያው 60 በመቶ። ያለፈ ሰው እንኳ ሥራ አገኘ ማለት አይደለም፤ ለመወዳደር በቃ እንጂ። እኔን ያስደነቀኝ ቁጥሩ አይደለም፤ የጥያቄው አደላደል ነው። ለታችኞቹ ክፍሎች በሚሰጠው ፈተና ከ150ው ጥያቄ 30ው ስለ ልጅ ዕድገትና ስለ ማስተማር ዘዴ ነው። ከ30ው የሒሳብ ጥያቄ ደግሞ ግማሹ ሒሳቡን አስልታችሁ የምትመልሱት ሳይሆን ልጅ ሲሳሳት ስህተቱ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚስተካከል የሚጠይቅ ነው። ያቺ የቡሬ ገጠር ልጅ የጻፈችው «ሁለት አምስተኛ» እዚያ ቢሆን የፈተና ጥያቄ ትሆን ነበር።

አሁን ወደ ደብተራችሁ።

መጀመሪያ የያዛችሁትን የሃንድአውት ክምር ወደ ጎን አድርጉና ልታስተምሩት የምትፈልጉትን ክፍል የተማሪ መጽሐፍ ከነመምህር መምሪያው ፈልጉ። አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ይሁን፤ የድሮውን ይዞ የሚደክም አጋጥሞኛል። ስድስተኛ ክፍል አስተምራለሁ የሚል ዕጩ የስድስተኛ ክፍልን መልመጃ ከዳር እስከ ዳር ሳይሠራ ስለ ፒያዤ ቢያነብ ቤቱን ከጣሪያ እንደመጀመር ነው።

ከዚያ ሦስት ሁኑ። ሦስት ያልሁት በምክንያት ነው። አንዱ ያስተምራል። ሁለተኛው ልጅ ሆኖ ይቀመጥና «ለምን?» እያለ ይጠይቃል፤ አውቆ ይሳሳታል። ሦስተኛው ዝም ብሎ ይጽፋል፦ የት ላይ ቃል አጠረው፣ የት ላይ ወደ ሽምደዳ ሸሸ፣ የት ላይ «ይህ ሕግ ነው» ብሎ አለፈ። በሃያ ደቂቃ ተቀያየሩ። ሰሌዳ የለንም አትበሉ፤ የእንጨት በር ካለ ሰሌዳ አለ። አከራይ ከተቆጣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጽንሰ ሐሳቡን መጀመሪያ በአማርኛ፣ እናታችሁ በምትሰማው አማርኛ አስረዱ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ከዚያ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ ድገሙት። በአማርኛ ያልተጨበጠ ነገር በእንግሊዝኛ ሲሸመደድ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ በመጣ ጊዜ ይበተናል። ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

የስህተት ደብተር ያዙ። ያገኛችሁትን አይደለም፣ ያጣችሁትን የምትጽፉበት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ያን ደብተር ብቻ ይዛችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ መልስ መስጫ ወረቀት አጥቁራችሁ ተለማመዱ። በተራ ቁጥር ስታጠቁሩ አንድ መስመር ዘልላችሁ የቀረውን ሁሉ ያዛነፋችሁ ለታ ዕውቀታችሁን የሚጠይቅ የለም። በሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ማኅደረ ተግባራችሁን ለምዘናው ሰሞን አታቆዩት፤ የተማሪ ሥራ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ያረማችሁት ወረቀት ከመስከረም ጀምሮ ይሰብሰብ።

ስለ አንድ ነገር ግን በቁጣ ልናገር። «መልስ ወጥቷል» እያሉ በቴሌግራም ብር የሚሰበስቡ አሉ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን አገር ያውቃል። ያን ጊዜ የተጎዳው ማን ነው? ዓመቱን ሙሉ ያጠናው ልጅ ነው። ዛሬ የመምህርነት ፈተናን መልስ የሚገዛ ሰው የሚሰርቀው ከጎኑ ከተቀመጠው ተወዳዳሪ ብቻ አይደለም። ልጅን እንዳትኮርጅ ብሎ የሚያስተምረውን አንደበት ነው የሚሸጠው። ክፍል ገብቶ በየትኛው ፊቱ ይቆማል?

የሚቀጥሩትም ይስሙኝ። በአዳራሹ የወረዳና የዞን ትምህርት ኃላፊዎች አላችሁ። የጽሑፍ ፈተና ያስፈልጋል፤ ዘመድ አዝማድን የሚያግደው እሱ ነውና። ብቻውን ግን አይበቃም። ዕጩውን አሥራ አምስት ደቂቃ ከሰሌዳ ፊት አቁማችሁ አንድ ትምህርት እንዲያስተምር አድርጉት። ሲያስተምር ከወላጆች አንድ ሰው ይቀመጥ። ውጤቱን ከነዝርዝሩ ለጥፉ። እኔን በጊዜው ሰሌዳ ፊት አቁመው ቢያዩኝ ኖሮ፣ ከላይ ተርታ ስሜ ባይኖር ይሻል ነበር፤ ወይም ገና ሳልሄድ ያስተምሩኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ኑሮው ስላልታየኝ አይደለም። የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይና ጤፍ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ፣ ስንት ልጅ ከደብተር ርቆ ከከብት ኋላ እንደዋለ፣ ስንት መምህር በስጋት እንደኖረ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ጤነኞች አልነበርንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ይህን በመምህር ላይ ብቻ የሚጥል ሰው ግፍ ይሠራል። መጽሐፍ የሌለው ክፍል አለ፣ አንድ መቶ ልጅ የታጨቀበት ክፍል አለ። ነገር ግን ከእነዚያ ተፈታኞች ብዙዎቹ አምስተኛ ክፍል ላይ «እሺ ጋሼ» ብለው ሳይገባቸው የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ያ «እሺ» እየተደራረበ ነው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው።

የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የሚመለሱት ልጆች ዓመታት ያለፏቸው ናቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ጋር ይገናኛል። ማፈሩ አይቀርም፤ የት ላይ እንደቀረ ፈልጎ የሚያገኝለት መምህር ይፈልጋል። ከእናንተ መካከል ፈተናውን ያለፋችሁ የምትሄዱት ወደዚያ ክፍል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ወደየቤታችሁ ሳትበተኑ ከዚህ አዳራሽ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። በሰፈር ተቀራረቡ፤ የማንኩሳው ከማንኩሳ፣ የቡሬው ከቡሬ። ነገ ጠዋት አንድ መልመጃ መርጣችሁ በአንዱ በር ላይ ጀምሩ። ጠመኔ አምጥቻለሁ፤ መውጫው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ለሦስት ሰው አንድ ፓኬት ይደርሳል፤ ስትወጡ ውሰዱ።